የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቦርድ ሥልጣን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የሥራ አመራር ቦርድ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ጫፍ አንዱን ይይዛል፤ አንዱ ወገን ቦርዱን የግቢው አዛዥ ናዛዥ ያደርገዋል፣ ሌላው ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ያቀረበለትን ሁሉ የሚያጸድቅ ማኅተም አድርጎ ያየዋል። ከዚህ በታች የተነሡት አመለካከቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት መቆጣጠርንና ማስተዳደርን ካለመለየት ነው።

«ቦርዱ ዩኒቨርሲቲውን ያስተዳድራል»

የዕለት ተዕለት አስተዳደር የፕሬዚዳንቱና የምክትሎቹ ኃላፊነት ነው። የቦርዱ ድርሻ በአብዛኛው ፕሬዚዳንቱን መምረጥና የሥራ አፈጻጸሙን መመዘን፣ ስትራቴጂያዊ ዕቅዱንና ዓመታዊ በጀቱን ማጽደቅ፣ ከፍተኛ ገንዘብ የሚጠይቁ የግንባታና የብድር ውሎችን መፍቀድ፣ እንዲሁም በኦዲት የተገኙ ጉድለቶች መታረማቸውን መከታተል ነው። በአሜሪካ የሚቺጋን ግዛት ሕገ መንግሥት ይህን ክፍፍል በግልጽ ያስቀምጣል፤ ለቦርዶቹ የተቋማቸውን አጠቃላይ የበላይ ጥበቃና የወጪ ቁጥጥር ይሰጣል፣ ፕሬዚዳንቱን ደግሞ ዋና ሥራ አስፈጻሚ አድርጎ በቦርዱ ውስጥ ያለ ድምፅ እንዲቀመጥ ያደርጋል። ቦርዱ ከዚህ መስመር ወጥቶ የዲን ሹመትና የዕቃ ግዥ ውስጥ ሲገባ ችግሩ ጊዜ ማባከኑ ብቻ አይደለም፤ ዋናውን ሥራውን የሚሠራበትን አቅም ያጣል። የጨረታውን አሸናፊ ራሱ የመረጠ ቦርድ ግንባታው ሲጓተት ማንን ይጠይቃል?

«የቦርድ አባል በመሆኑ ማዘዝ ይችላል»

ከሁሉም አመለካከቶች ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ይመስለኛል። የቦርድ ሥልጣን የጋራ ነው፤ ምልዓተ ጉባኤ ሞልቶ፣ አጀንዳ ተይዞ፣ ውይይት ተደርጎበትና ድምፅ ተሰጥቶበት በቃለ ጉባኤ የሰፈረው ብቻ የቦርድ ውሳኔ ይባላል። ከስብሰባው ውጪ አንድ አባል፣ ሰብሳቢውም ቢሆን፣ ቦርዱ በግልጽ ካልወከለው በቀር ለሬጅስትራር ወይም ለፋይናንስ ኃላፊ ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን የለውም።

እ.ኤ.አ. በ2012 በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የዚህን ትርጉም ያሳያል። የቦርዱ ሰብሳቢ አባላቱን በተናጠል እያነጋገሩ ድጋፍ ካሰባሰቡ በኋላ፣ ሙሉ ቦርዱ ተሰብስቦ ድምፅ ሳይሰጥበት፣ ፕሬዚዳንት ቴሬዛ ሱሊቫን ሥራቸውን እንደሚለቁ ሰኔ 10 ቀን ይፋ ተደረገ። መምህራን፣ ተማሪዎችና የቀድሞ ምሩቃን አጥብቀው ተቃወሙ፤ ቦርዱም በዚያው ወር 26ኛ ቀን በይፋ ተሰብስቦ ፕሬዚዳንቷን በሙሉ ድምፅ ወደ ቦታቸው መለሰ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ለዩኒቨርሲቲው ዕውቅና የሚሰጠው አካል በዓመቱ መጨረሻ ከቦርዱ አሠራር ጋር በተያያዘ ተቋሙን በማስጠንቀቂያ ሥር አስቀምጦታል። ቦርዱ ፕሬዚዳንቷን የማንሣት ሥልጣን እንዳለው ያከራከረ አልነበረም፤ ያከራከረው ሥልጣኑ ሥራ ላይ የዋለበት መንገድ ነው።

«የትምህርት ጉዳይም በመጨረሻ የሚወሰነው በቦርዱ ነው»

በሕግ ወረቀት ላይ የመጨረሻው ቃል የቦርዱ የሆነባቸው አገሮች አሉ፤ በተግባር ግን ሥርዓተ ትምህርትን፣ የምዘና ደረጃንና የመመረቂያ መስፈርትን በሚመለከት ውሳኔው ወይም ዋናው ምክር የሴኔቱ፣ ማለትም በዋናነት መምህራን የሚገኙበት የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ጉባኤ፣ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቦርድ ኮርሶችንና ሥርዓተ ትምህርትን የመፍቀድና የመከታተል ሥልጣኑን ለመምህራኑ ሴኔት በውክልና ሰጥቷል። አዲስ የትምህርት ክፍል ሲከፈት ቦርዱ የሚጠይቀው የገንዘቡን ምንጭና ከተቋሙ ተልእኮ ጋር መጣጣሙን እንጂ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ምን ምን መማር እንዳለበት አይደለም።

«መንግሥት የሾመው ቦርድ የመንግሥት መልእክተኛ ነው»

ሥጋቱ መሠረት የለሽ አይደለም። የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት ዩኒቨርሲቲው ከፖለቲካ ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ያዛል፤ ከቦርዱ 26 ድምፅ ሰጪ አባላት 18ቱን ግን የሚሾመው የግዛቱ ገዥ ነው፣ ራሱም በሥልጣኑ አባል ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1967 ሮናልድ ሬገን ገዥ ሆነው ሥራ በጀመሩ በሳምንታት ውስጥ ቦርዱ የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንት ክላርክ ኬርን አሰናብቷል። ከዚህ ተነሥቶ ሹመት ሁሉ ታዛዥነት ነው ማለት ግን የሕግ ጥበቃዎችን መዘንጋት ነው። በካሊፎርኒያ የተሿሚዎቹ የሥራ ዘመን 12 ዓመት የሆነው አንድ ገዥ በአንድ ምርጫ ቦርዱን እንዳይገለብጠው ነው። ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ሕግ የዩኒቨርሲቲ ምክር ቤት አባላትን ሴኔቱና መንግሥት በእኩል ቁጥር ይሰይማሉ፤ ቀሪውን አንድ አባል የተሰየሙት ራሳቸው ይመርጡታል፣ በሥራ ላይ ያሉ የፓርላማ አባላትና የፓርቲ ኃላፊዎች ደግሞ ጨርሶ አይገቡበትም። በሚቺጋን ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች የቦርድ አባላትን የሚመርጠው ሕዝቡ ነው። ይህም ቢሆን የራሱ ጣጣ አያጣም፤ ዕጩ ሆኖ የሚቀርበው በፓርቲ በኩል ነውና።

«የመምህራንና የተማሪዎች ተወካይ የሚገባው ወገኑን ለማስከበር ነው»

በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ 50 አባላት ባሉት የበላይ ምክር ቤት ውስጥ 12 መምህራንና 8 ተማሪዎች ይቀመጣሉ። ከመጡበት ወገን ያገኙትን ዕውቀት ይዘው ይገባሉ፤ ድምፅ ሲሰጡ ግን ግዴታቸው እንደማንኛውም አባል ለተቋሙ ጥቅም ነው።

«የኦዲት ሪፖርቱ ንጹሕ ከሆነ ቦርዱ ሥራውን ሠርቷል»

ነቀፌታ የሌለበት የኦዲት አስተያየት የሚናገረው የሂሳብ መግለጫዎቹ በዋና ዋና ጉዳዮች ትክክለኛ መሆናቸውን ነው። ገንዘቡ ለሚገባው ዓላማ በቁጠባ ስለ መዋሉ፣ ተማሪዎች ከጥቃት ስለ መጠበቃቸው ወይም አቤቱታ ሰሚ ስለ ማግኘቱ የሚለው የለም። በፔንስልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በአንድ የቀድሞ አሠልጣኝ በሕፃናት ላይ የተፈጸመውን የወሲብ ጥቃት የመረመረው፣ በቀድሞው የኤፍ.ቢ.አይ. (የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ) ዳይሬክተር ሉዊስ ፍሪ የተመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 ባወጣው ሪፖርት የአስተዳደሩን ኃላፊዎች ብቻ ሳይሆን ቦርዱንም ወቅሷል፤ ዋና ዋና አደጋዎች በየጊዜው የሚቀርቡለት ሥርዓት አልነበረውም፣ ስለ ምርመራው በሰማ ጊዜም አጥብቆ አልጠየቀም በማለት። ስለዚህ የውስጥ ኦዲት ኃላፊው ፕሬዚዳንቱ በሌለበት ቦርዱን በቀጥታ የሚያገኝበት መንገድ መኖሩ ከየትኛውም ውብ ሪፖርት ይልቅ የቁጥጥሩን ጥንካሬ ያሳያል።

«የቦርድ ስብሰባ ምሥጢር ነው»

ይህ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች አጀንዳው አስቀድሞ ይለጠፋል፣ ስብሰባውም ለሕዝብ ክፍት ነው፤ በካሊፎርኒያ ማንም ሰው ተመዝግቦ ለቦርዱ መናገር ይችላል። በዝግ የሚታዩት እንደ ሠራተኛ ጉዳይና በፍርድ ቤት የተያዘ ክርክር ያሉ በሕጉ የተዘረዘሩ ጉዳዮች ናቸው፤ ከእነዚህ ውጪ ያለውን በር ዘግቶ የሚወስን ቦርድ ውሳኔው በፍርድ ቤት ሊሻርበት ይችላል።