«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ»፦ ታዲያ የተቃዋሚ መሪ ምን ሊሠራ ነው?

ይህን ተረት የማያውቅ የለም። ሰማይን በሬ ጠምዶ የሚያርስ እንደሌለ ሁሉ ንጉሥንም ችሎት የሚያቆም የለም ማለት ነው። ቤት ስለሚመታ አፍ ላይ ይቀላል፤ አንዳንዱ ገልብጦ ሰማዩን ያስቀድማል፣ ያው ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ዛሬ ስለ ንጉሥ ብለው የሚተርቱት ጥቂት ናቸው። አለቃው ዓመት ፈቃድ የከለከለው ይላታል፣ ውሃ ሳይመጣ ቢል የመጣበት ይላታል፣ «ተወው በቃ፣ ከማን ጋር ልትጣላ ነው» ለማለት።

ብዙ ሰው ተረቱን የፈሪ ምክር ብቻ አድርጎ ይወስደዋል። ፍርሃትማ አለበት፣ አይካድም። ግን የሥርዓት ጉዳይም አለበት። በድሮው ጊዜ ክስ ከታች ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ከጭቃ ሹሙ ተነስቶ ይግባኝ እየተባለ መጨረሻ ላይ ዙፋን ችሎት ይደርሳል፣ እዚያ ተቀምጦ የሚፈርደው ደግሞ ንጉሡ ራሱ ነው። ከዚያ በላይ የቀረው «ይግባኝ ለክርስቶስ» ነው። እንግዲህ ንጉሡን ልክሰስ ብትል ማን ዘንድ ትሄዳለህ? ዳኛውም ተከሳሹም አንድ ሰው! ሰማይ የተጠቀሰውም ለዚሁ ይመስለኛል። ገበሬው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፣ ማረሻው የሚይዘው አፈር ስለሌለ ነው።

የሚገርመው ይሄ ሁሉ የሚባለው ሙግት በሚወድ አገር መሆኑ ነው። በላ ልበልሃን አስቡት። ተሟጋቹ ይቆማል፣ ኩታውን ያጣፋል፣ ዘንጉን ወደ ባላጋራው ይቀስርና በግጥም ያዋክበዋል፣ «ተጠየቅ!» ይለዋል፣ ያኛውም ዝም ካለ ተረታ ማለት ስለሆነ ተራውን ጠብቆ ይመልሳል፣ መልሶም ይጠይቃል። መንገደኛን አስቁሞ ዳኛ ማድረግም ወግ ነበር። ሁሉም ይጠየቃል፣ አንድ ሰው ሲቀር።

ያን አንድ ሰው ሕጉም ከለለው። እዚሁ ሐረርጌ ኤጀርሳ ጎሮ ተወልደው፣ ሐረርን በደጃዝማችነት ገዝተው ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ያወጡት ሕገ መንግሥት የንጉሡ አካል ቅዱስ ነው፣ ክብሩ አይነካም፣ ሥልጣኑም አያከራክርም ይላል። ተረቱ በአንቀጽ ተጻፈ በሉት። ፓርላማም በዚያው ሰነድ ተቋቋመ፣ ፓርቲ ግን አልነበረም።

እንግሊዞች ንጉሣቸውን ሳያወርዱ ሌላ መላ ዘየዱ፦ ንጉሡን ተዉት፣ በስሙ የሚገዙትን ሚኒስትሮች ጠይቁ። በ1826 እ.ኤ.አ. ጆን ካም ሆብሃውስ የተባለ የምክር ቤት አባል «የግርማዊነታቸው ተቃዋሚ» ብሎ ሲናገር ምክር ቤቱ ሳቀ። ቀልዱ ግን ስም ሆኖ ቀረ። ከመንግሥት ውጭ ካሉት ፓርቲዎች የትልቁ መሪ የተቃዋሚ መሪ ይባላል። እያንዳንዱን ሚኒስቴር የሚከታተል ሰው ከራሱ ሰዎች ይመድባል፤ ነገ መንግሥት ቢወድቅ የሚረከብ አለ ማለት ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሕግ ደሞዝ ተቆረጠለት፣ በዓመት 2,000 ፓውንድ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በዚያው ሕግ 10,000 ነበር የሚያገኘው።

ይሄን ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ለተቀመጠ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነግሬው ነበር። እኛ ጋ ሽማግሌም «አንተ» ነው የሚባለው፣ ንቀት አይደለም።

«ደሞዙን የሚከፍለው ማነው?»

«መንግሥት ነዋ ጋሼ።»

«የሚከሰሰው መንግሥት?»

«አዎ።»

«አቦ ተወኝ! እኛ እዚህ በነጻ ስንቱን አማን።»

ሐሜትና ክስ ግን ይለያያሉ። ሐሜት ላይ ተከሳሹ የለም። ለንደን ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከጠረጴዛው ወዲህ፣ የተቃዋሚ መሪው ወዲያ ይቆማሉ። ምንጣፉ ላይ ሁለት ቀይ መስመሮች አሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት የሁለት ሰይፍ ያህል ነው ይባላል። መሪው 6 ጥያቄ አለው። አንዱን ጠይቆ፣ መልሱን እዚያው ሰምቶ፣ «አልመለስክልኝም» ብሎ ሁለተኛውን ይወረውራል። ከኋላቸው ያለው ሰው ይጮሃል፣ ያሾፋል፣ አፈ ጉባኤው ዝም በሉ እያለ ይለፋል። በላ ልበልሃ እኮ ነው፣ ኩታና ዘንግ ጎደለው እንጂ።

ወንበሩ በየአገሩ እኩል አይከበርም። ደቡብ አፍሪካ በሕገ መንግሥቷ ጽፋዋለች። ሕንድ ውስጥ ፓርቲው ከወንበሩ 10 በመቶ መያዝ አለበት ስለሚባል ቦታው ከ2014 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ባዶ ከርሞ በመጨረሻ ራሁል ጋንዲ ተቀመጠበት።

የእኛ ሕገ መንግሥት ብዙ ወንበር ያገኘ መንግሥት ይመሠርታል ይላል፣ ስለ ተቃዋሚ መሪ ግን አንቀጽ የለውም። ቢኖረውስ ማን ይቀመጥበታል? በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ተቃዋሚዎች ከ547ቱ የምክር ቤት ወንበር ሲሶ ገደማ አግኝተው ነበር። በ2002 ከተቃዋሚ ፓርቲ የገባው አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበር፣ ብቻውን መሪም ተመሪም። በ2007 ያቺም ወንበር ጠፋች። በ2013 ጥቂቶች ገቡ። ድሬዳዋ 2፣ ሐረሪም 2 መቀመጫ ነው ያላቸው፤ አራቱም ተቃዋሚ ቢሆኑ እንኳ ሚዛን አይደፉም።

እኔን የሚቆጨኝ ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ሲመጡ የብዙ ሰው ጥያቄ በአንድ ላይ ይሰበሰባል፣ ከዚያ መልሱ በረጅሙ ይወርዳል፣ የትኛው መልስ ለየትኛው ጥያቄ እንደሆነ እስኪጠፋ ድረስ። የጠየቀው ሰው ያዳምጣል እንጂ እዚያው ተነስቶ «ይሄ መልስ አይደለም» አይልም። ብጠየቅ ከወንበር ብዛት በፊት የማስተካክለው ይህን ነው። አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ ከዚያ ያው ጠያቂ በድጋሚ ይነሳ። ለዚህ ሕገ መንግሥት መቀየር አያስፈልግም፣ የስብሰባ ደንብ ይበቃል።