የሚስዮናዊ ምስጋና ምንድን ነው?

አንድ ቤተሰብ ለወንጌል ሥራ ወደ ውጭ አገር ሲላክ በአብያተ ክርስቲያናችን የሚሆነውን ብዙዎቻችን አይተናል። ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መድረኩ ይወጣሉ፤ ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ይጸልዩላቸዋል፤ ከዚያ ተላኪው ድምፅ ማጉያውን ተቀብሎ ማመስገን ይጀምራል። እግዚአብሔርን፣ ጉባኤውን፣ ወላጆቹን፣ ገንዘብ ያዋጡትን፣ ልጆቹን በሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማሩትን ሁሉ በየተራ ያነሳል። ይህን ሰዓት አንዳንዱ ሰው እንደ ወግ ይቆጥረዋል። ስብከቱ አልቋል፣ ጸሎቱ ተጸልዮአል፣ የቀረው መሰነባበት ብቻ ነው ብሎ ወደ በሩ ያያል። በእኔ እምነት ግን ምስጋናው ከጥሪው ተለይቶ የሚታይ አይደለም። ሚስዮናዊው ማን እንደላከው፣ ከማን ጋር እንደሚሄድና ሥራው የማን እንደሆነ የሚናገረው እዚያ ላይ ነው።

የሚስዮናዊ ምስጋና ማለት እንግዲህ ወደ ሌላ ሕዝብ እንዲሄድ የተጠራ ክርስቲያን ለጠራው አምላክ፣ ለላኩት ወገኖችና ለሚቀበለው ሕዝብ የሚያቀርበው ምስጋና ነው። ሻንጣው ሳይዘጋ ይጀምራል፤ ፍሬ ባልታየበት ዘመንም ይቀጥላል።

በቅድሚያ አንድ ስሕተት ከመንገዱ ላይ መነሳት አለበት። እኛ ውለታ የማይረሳ ሕዝብ ነን፤ የተደረገልንን ሳንመልስ እንቅልፍ አይወስደንም። ይህ መልካም ጠባይ ወደ ተልእኮ ሲገባ ግን ሸክም ሊሆን ይችላል። «ጌታ ይህን ሁሉ አደረገልኝ፤ እኔም ሄጄ ብድሩን ልክፈል» ብሎ የሚነሳ ሰው አለ። ዐላማው የሚያስመሰግን ይመስላል። ነገር ግን ሥራው ያልተሳካለት ቀን ዕዳው እንዳልተከፈለ ይሰማዋል፤ በተሳካለት ቀን ደግሞ የከፈለ ይመስለዋል። በመዝሙር 116 ላይ መዝሙረኛው ለእግዚአብሔር ስላደረገለት ሁሉ ምን እንደሚመልስ ይጠይቃል። መልሱ ይገርማል፤ የመዳንን ጽዋ አነሳለሁ፣ ስሙንም እጠራለሁ ይላል። ምን ልስጥ ብሎ የጀመረ ሰው እንደገና ተቀባይ ሆኖ ተገኘ። ምስጋናውን በሕዝብ ሁሉ ፊት ያቀርባል እንጂ ሒሳብ አይዘጋም። ሚስዮናዊም የሚሄደው ዕዳውን ሊያወራርድ አይደለም፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ምዕራፍ 4 እንዳለው፣ ጸጋው ወደ ብዙዎች ደርሶ ለእግዚአብሔር ክብር ምስጋና እንዲበዛ ነው። የሚያመሰግነው ሰው ቁጥር እንዲጨምር ይሄዳል ማለት ነው።

ጳውሎስ ራሱ እንዴት እንዳመሰገነ ለማየት ከፊልጵስዩስ መልእክት የተሻለ ቦታ የለም። እስር ላይ ነው። የፊልጵስዩስ ክርስቲያኖች በአፍሮዲጡ እጅ ስጦታ ልከውለታል፤ አፍሮዲጡም በዚሁ ምክንያት ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበር። ጳውሎስ በምዕራፍ 4 ስለ ስጦታው ሲጽፍ በተሰሎንቄ ሳለ እንኳ አንድና ሁለት ጊዜ እንደላኩለት ያስታውሳቸዋል። ማን መቼ ምን እንዳደረገ አልረሳም። ወዲያው ደግሞ ዓይኑ በስጦታው ላይ እንዳልሆነ ይነግራቸዋል፤ የሚፈልገው በእነርሱ ሒሳብ ላይ የሚበዛውን ፍሬ ነው። የላኩትንም ነገር ለእግዚአብሔር የቀረበ መዓዛው ያማረ መሥዋዕት ብሎ ይጠራዋል። እንዲህ ያለ ምስጋና ለጋሹን ከፍ ያደርገዋል፣ ተቀባዩን ግን አያዋርደውም። በማጎንበስ የተሞላ አይደለም፤ ቀጥሎ የሚመጣ ልመናም አላዘለም። በመልእክቱ መጀመሪያ ላይ እንደሚለው፣ ከፊተኛው ቀን ጀምሮ በወንጌል ሥራ ተካፋዮች ስለሆኑ አምላኩን ያመሰግናል። ገንዘብ የላከችው ቤተ ክርስቲያን ተመልካች አይደለችም፤ ሥራው የእርሷም ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ምስጋና በላኪና በተላኪ መካከል ብቻ የሚቀር እንዳልሆነ ደግሞ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ያሳያል። ጳውሎስ በእስረኛነት ወደ ሮም በመርከብ ይወሰዳል። ዐውሎ ነፋሱ ከተነሳ ዐሥራ አራተኛው ሌሊት አልፏል፤ በመርከቡ ላይ 276 ሰዎች አሉ፤ እህል የቀመሰ የለም። ሊነጋ ሲል ጳውሎስ እንዲበሉ ለመናቸው። ከዚያ እንጀራ ይዞ በሁሉም ፊት እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ቆርሶም ይበላ ጀመር። ወታደሩም፣ መርከበኛውም፣ እስረኛውም ተጽናንተው ምግብ ወሰዱ። መርከቡ ገና አልዳነም ነበር፤ እንዲያውም ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተሰባበረ። ሁሉም በሕይወት ወደ ባሕሩ ዳርቻ የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የሚይዘኝ «በሁሉም ፊት» የሚለው ነው። አብዛኞቹ የጳውሎስን አምላክ አያውቁም፤ የተሰበከላቸው ረጅም ስብከትም አልተጻፈም። ያዩት አንድ እስረኛ በማዕበል መካከል ስለ ቁራሽ እንጀራ ሲያመሰግን ነው።

የደረሱባት ደሴት መላጥያ፣ የዛሬዋ ማልታ ነበረች። የደሴቲቱ ሰዎች በዝናቡና በብርዱ እሳት አንድደው ተቀበሏቸው፤ ከሦስት ወር በኋላ ሲነሱም ለጉዞው የሚያስፈልጋቸውን ሰጧቸው። ሚስዮናዊ ሰጪ ብቻ አይደለም ማለት ነው። አስተናጋጁ ሕዝብ ቋንቋ ያስተምረዋል፣ ልጁ ሲታመም ሐኪም ቤት ያደርሰዋል፣ በበዓሉ ቀን በማዕዱ ያስቀምጠዋል። ይህን በደስታ ተቀብሎ የማያመሰግን ሰው የቱንም ያህል ቢሰብክ የበላይነት ይታይበታል። ሕዝቡም ይህን ለማወቅ ጊዜ አይፈጅበትም።

ምስጋና ሁሉን ነገር መልካም አስመስሎ ማቅረብ ማለት ግን አይደለም። እዚህ ላይ የዊልያም ኬሪን ታሪክ በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። ኬሪ ጫማ ሠሪ የነበረ እንግሊዛዊ መጋቢ ሲሆን፣ የባፕቲስት ሚስዮናዊ ማኅበር በ1792 ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር፤ በ1793 ወደ ሕንድ ሄደ። ክሪሽና ፓል የተባለ አናጢ በሴራምፑር ሁግሊ ወንዝ ውስጥ የተጠመቀው በታኅሣሥ 1800 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ኬሪ ሰባት ዓመት ሙሉ ከሕንዳውያን አንድም ሰው አላጠመቀም ነበር። ይህ ታሪክ በየስብከቱ የጽናት ምሳሌ ሆኖ ይቀርባል፤ ተገቢም ነው። ባለቤቱ ዶሮቲ ግን ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። መጀመሪያ ላይ አልሄድም ብላ ነበር፤ በመጨረሻ ተለምና ሄደች። በ1794 የአምስት ዓመት ልጃቸው ፒተር ሞተ፤ ከዚያ በኋላ አእምሮዋ ታወከ፤ በ1807 እስክታርፍም አልዳነችም። በዚያ ቤት ምስጋናና ለቅሶ አንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል።

ስለዚህ ላኪ ቤተ ክርስቲያን ልብ ልትለው የሚገባ ነገር አለ። በስንብቱ ቀን ሚስት ፊቷ ላይ ደስታ ካልታየ፣ ወይም ጓደኞቹን ጥሎ የሚሄድ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ካኮረፈ፣ «አመስግን» ብሎ ማስገደድ ምስጋናን ያበላሻል። የመዝሙር መጽሐፍ ከምስጋናው ጎን ብዙ የልቅሶ መዝሙር ይዟል፤ ሁለቱንም የሚሰማው አንድ አምላክ ነው። የቤተሰቡ እውነተኛ ስሜት ከመሄዳቸው በፊት ቢሰማ ይሻላል። የባል ጥሪ ብቻውን የቤቱ ሁሉ ጥሪ ነው ብሎ መደምደም ዶሮቲን የመሰሉ ሴቶችን ዋጋ አስከፍሏል፤ ይህን በግልጽ መናገር ተልእኮን ማንኳሰስ አይደለም።

ከአገራችን ታሪክ ደግሞ ወላይታን ማንሳት ግድ ይላል። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሠራተኞች በ1928 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሶዶ ሥራ ጀመሩ። በጣልያን ወረራ ምክንያት በ1937 ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች ቁጥር 50 እንኳ አይሞላም ነበር። ከነፃነት በኋላ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። በእነዚያ ዓመታት የአገሬው ምእመናን ታስረዋል፣ ተገርፈዋል፤ ወንጌሉንም ወደ ጎረቤት ሕዝቦች አድርሰዋል። የተመለሱት ሚስዮናውያን «እኛ ሠራነው» የሚሉበት ምንም ቦታ አልነበረም። እዚህ ላይ የምስጋና አንድ ትልቅ ጥቅም ይታያል፤ ሥራውን ከሠራተኛው እጅ አውጥቶ ለባለቤቱ ይመልሰዋል። ማመስገን የለመደ ሚስዮናዊ ቤተ ክርስቲያን ተክሎ «የእኔ» ሳይል መሄድ ይችላል፤ ያልለመደው ግን ቁልፉን ለአገሬው መጋቢ ለማስረከብ ይቸገራል። ያቺው ተቀባይ የነበረች ኢትዮጵያ ዛሬ ላኪ ሆናለች። ስለዚህ ጉዳዩ የሌሎች አይደለም፤ የእኛው ተላኪዎች በሚሄዱበት አገር የሚፈተኑበት ነው።

በተግባር ይህ ምስጋና በብዛት የሚታየው በጸሎት ደብዳቤ ላይ ነው። በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ የሚላከው ይህ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ «ስለ ሁሉም ነገር እናመሰግናለን» በሚል ጥቅል ቃል ይጀምርና ወደ ፍላጎት ዝርዝር ይገባል። አንባቢው ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ከዚህ ይልቅ «የመጋቢት የቤት ኪራይ በእናንተ ስጦታ ተከፍሏል፤ በዚያ ቤት ሐሙስ ሐሙስ ስድስት ሰዎች መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ» ቢባል ላኪው የራሱን ድርሻ ያያል። ያልተሳካውም ይጻፍ፤ ተማሪው ካቋረጠ አቋርጧል ይባል። አማኞች በሚሳደዱበት አገር ግን ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን በምስጋና ስም ማውጣት ለእነርሱ አደጋ ነው። እዚያ «አንድ ወንድም» ማለት ይበቃል።

ከላኪው ወገንም የሚጠበቅ አለ። ጳውሎስና በርናባስ በጾምና በጸሎት ከላከቻቸው ከአንጾኪያ ወጥተው ሲመለሱ፣ ጉባኤውን ሰብስበው እግዚአብሔር ከእነርሱ ጋር ሆኖ ያደረገውን ሁሉ ተናገሩ። አንጾኪያ ለመስማት ተሰበሰበች። ብዙ ሚስዮናውያን ለዕረፍት ሲመጡ ግን ከማስታወቂያና ከመባ መካከል የተቆረጠች አምስት ደቂቃ ትሰጣቸዋለች። ሙሉ ምሽት ይመደብላቸው፤ ጥያቄም ይጠየቁ። በውጭ ሳሉም ደብዳቤያቸው ሲደርስ አንድ ሰው ተመድቦ በዚያው ሳምንት መልስ ይጻፍላቸው፤ የተጸለየበትን ነገር በስም ጠቅሶ፣ ምን እንደ ደረሰ ይጠይቅ።