ኪክስታርተር ላይ 1,990 ፓውንድ ለምን ዜሮ ይሆናል?

ጎንደር አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ግንባሩ ላይ ብር ከለጠፋችሁለት አለቀ፤ ብሩ የእሱ ነው። ኪክስታርተር፣ ለአንድ ሥራ ከብዙ ሰው ገንዘብ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ፣ እንዲህ አይደለም።

ለንደን የሚኖር የጎንደር ልጅ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ፣ እነዚያን ዓይናማ መላእክት፣ በፎቶ መጽሐፍ ሊያወጣ ፈለገ እንበል። «2,000 ፓውንድ፣ በ30 ቀን» ይላል። ደጋፊው ካርዱን ያስመዘግባል እንጂ ወዲያው አይቆረጥበትም። ቀኑ ሲያልቅ 1,990 ብቻ ከሆነ? አምስት ሳንቲም አያገኝም። ጨካኝ ይመስላል፤ ግን ግማሽ መጽሐፍ አይታተምም፣ የደጋፊውም ገንዘብ አይበላም።

ግቡ ከሞላ ኪክስታርተር ከተሰበሰበው 5 በመቶ ይወስዳል፤ የክፍያ ማስተላለፊያው ሂሳብ ለብቻው ነው። መጽሐፉን ለደጋፊዎቹ የመላኪያ የፖስታ ወጪም አለ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚች ጋ ነው።

ለምን ለንደን አልኩ? ኢትዮጵያ ዘመቻ መክፈት ከሚፈቀድባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም።