ስኬል ምንድን ነው? የሞዴል የጦር መርከብ ሳጥን ላይ የተጻፈው 1/350

የሞዴል የጦር መርከብ ሳጥን ስታነሱ ከመርከቧ ስም ቀጥሎ ዓይን ውስጥ የሚገባው አንድ ቁጥር ነው። 1/350 ይላል፤ ወይም 1/700። ብዙ ሰው የዕቃ ቁጥር መስሎት ያልፈዋል። እኔም መጀመሪያ እንደዛው ነበርኩ። ሳጥኑ ላይ ያለው ሥዕል አማረኝ፣ ገዛሁ፣ አለቀ። ዛሬ ግን አንድ ሰው «ልጀምር ነው» ሲለኝ ስለ ሙጫም ስለ ቀለምም ሳላነሳ ስለዚህ ቁጥር ነው የማወራው። ቀለሙን ምን ያህል ማቅጠን እንዳለበት፣ የትኛውን ክፍል አውጥቶ መጣል እንዳለበት፣ ዝገቱን የት ጋ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው እሱ ነዋ።

ስኬል ማለት ካርታ ላይ «መስፈርት» የምንለው ነው። 1/350 ሲባል ሞዴሉ ላይ ያለች 1 ሴንቲ ሜትር እውነተኛዋ መርከብ ላይ 350 ሴንቲ ሜትር ናት፤ ሦስት ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። የታችኛው ቁጥር በጨመረ መጠን ሞዴሉ ያንሳል። ጀማሪን የሚያምታታውም ይሄ ነው። 700 ከ350 ይበልጣል ብሎ ትልቁን የገዛ መስሎት፣ ሳጥኑን ሲከፍት ግማሹን ያገኛል።

ቢስማርክን እንውሰድ። የጀርመኗ የጦር መርከብ ርዝመት 251 ሜትር ነበር። በ1/700 ስትሠራ 36 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ትሆናለች፤ መደርደሪያ ላይ ትቀመጣለች። በ1/350 ደግሞ 72 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በ1/200 ከሆነ 1 ሜትር ከ25 ነው። እሱ እንግዲህ ሞዴል ብቻ ሳይሆን የቤት ዕቃም ነው፤ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሳያማክሩ ባይገዙት ይሻላል። 1.75 ሜትር የሚረዝም መርከበኛ በ1/350 ልክ 5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ1/700 ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል፤ የሩዝ ፍሬ ይበልጠዋል።

እዚህ ላይ የምወዳት አንዲት ስሌት አለች። ርዝመቷ 350 ጊዜ ሲያንስ ክብደቷ በ350 ብቻ አይደለም የሚያንሰው። ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም እያንዳንዱ በ350 ይካፈላል። ሦስቱ ሲባዙ 42,875,000 ይመጣል። ቢስማርክ ሙሉ ጭነቷን ይዛ 50,000 ቶን አካባቢ ነበረች። የ1/350 ሞዴሏ እንደ እናቷ እስከ ውሃ መስመሯ ድረስ ብቻ እንድትጠልቅ ከፈለጋችሁ 1 ኪሎ ከ170 ግራም ገደማ መመዘን አለባት። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ መድፍ፣ ተጠቃልሎ ከአንድ ኪሎ ስኳር ትንሽ ከፍ ይላል።

ቁጥሮቹ ከየት መጡ? በድሮ ጊዜ መጀመሪያ የሚወሰነው ሳጥኑ ነበር። የአሜሪካው ሞዴል አምራች ሬቬል በ1953 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የአሜሪካዋን የጦር መርከብ ሚዙሪን ሲያወጣ ስኬሏ 1/535 ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር ሰው ቁጭ ብሎ አይመርጥም። መርከቧ በሳጥኑ ልክ ተሠራች፣ ስኬሉ በኋላ ተሰላ። ችግሩ ሁለት መርከብ ጎን ለጎን ስታስቀምጡ ይመጣል፦ ትንሿ ትልቋን ታክላለች። በ1971 የጃፓን ሺዙኦካ ከተማ አራት ኩባንያዎች፣ ታሚያ፣ ሃሴጋዋ፣ አኦሺማና ፉጂሚ፣ ተስማምተው የጃፓንን መርከቦች ተከፋፈሏቸውና ሁሉንም በ1/700 ማውጣት ጀመሩ። ከውሃ መስመር በታች ያለውን አካል ተዉት፤ ሞዴሉ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ባሕር ላይ ያለ እንዲመስል። ዛሬ 1/700 እና 1/350 በየቦታው የምናየው ከሞላ ጎደል ከዚያ ወዲህ ነው። አንዱ የሌላው እጥፍ መሆኑም ለስሌት ይመቻል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ስኬል ርዝመትን ብቻ ሳይሆን ውፍረትንም ያዛል። ሰው የሚረሳውም ውፍረትን ነው።

ፕላስቲክ በሻጋታ ሲቀረጽ ከተወሰነ መጠን በታች አይቀጥንም። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ግድግዳ እጃችን ላይ ስስ ይመስላል። በ350 አባዙት፤ 35 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቢስማርክ ራሷ በዋናው የጎን ጥሩሯ ላይ 32 ሴንቲ ሜትር ነበራት። ስለዚህ አንዲት ምስኪን ነፋስ መከላከያ ቆርቆሮ በሞዴሉ ላይ ከዋናው ጥሩር በልጣ ቁጭ ትላለች። የመርከቡ ወለል ዳር ያለው አጥርም እንደዚሁ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ የፕላስቲክ አጥር እውነተኛዋ መርከብ ላይ 17 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚወፍር ቱቦ ማለት ነው። መርከበኛው ሊደገፈው ቀርቶ ሊያቅፈው ነው። እውነተኛው የአጥር ሽቦ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሆን በ1/350 የሚደርሰው 0.03 ሚሊ ሜትር ነው። የራስ ፀጉር ይወፍረዋል።

መፍትሔው ፎቶ-ኤች የሚባለው ነው። ስስ የናስ ቅጠል ላይ የአጥሩ፣ የመሰላሉ፣ የራዳሩ ቅርጽ ይታተምና የቀረውን አሲድ ይበላዋል። አብዛኛውን ጊዜ የቅጠሉ ውፍረት ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። ስሌቱን ስትሠሩት እሱም ገና ወፍራም ነው፤ ግን ዓይን ይታለላል።

አንድ ቁራጭ አጥር እንዴት እንደሚገጠም ላሳያችሁ። ቅጠሉን መስታወት ላይ አስተኙትና በአዲስ ምላጭ ቁረጡት። ለስላሳ ነገር ላይ ከቆረጣችሁት ይታጠፋል፤ የታጠፈ ናስ ደግሞ ተመልሶ ቀጥ አይልም። ሱፐር ግሉን ከቱቦው በቀጥታ እንዳታፈሱ። አንድ ጠብታ የጠርሙስ ክዳን ላይ አድርጉ፣ የመርፌ ጫፍ ንከሩ፣ በመርከቧ ወለል ዳር ነጥብ ነጥብ አድርጉ። አጥሩን በወረንጦ ያዙና መጀመሪያ አንዱን ጫፍ ብቻ አስነኩ። ተነፍሱ። ከዚያ መሀሉን፣ ከዚያ ሌላውን ጫፍ። ወረንጦውን አጥብቃችሁ አትያዙ። እኔ አጥብቄ ይዤ አንዲት 4 ሚሊ ሜትር መሰላል ተስፈንጥራ ጠፋችብኝ። ወለሉን በባትሪ ስዳብስ አመሸሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ካልሲዬ ላይ ተሰክታ አገኘኋት።

ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የሚወጠረው ገመድ ደግሞ በነጻ ይገኛል። የሞዴሉን ክፍሎች አያይዞ የያዘውን የፕላስቲክ ዘንግ አትጣሉ። አንድ ጣት የሚያህል ቁረጡና ከሻማ ነበልባል በላይ፣ ሳታስነኩ፣ እያሽከረከራችሁ ያዙት። መሀሉ ያብረቀርቃል፣ ከዚያ ይልፈሰፈሳል። ያኔ ከሻማው አርቃችሁ ሁለቱን ጫፍ በአንድ ጊዜ ሳቡ። ቀስ ካላችሁ ወፍራም ይሆናል፣ ፈጠን ካላችሁ እንደ ሸረሪት ድር ይቀጥናል። የመጀመሪያዎቹ አሥሩ ይበጠሳሉ፤ ይበጠሱ። ተጣብቆ ከላላ ገና የጠፋ ክብሪት ጠጋ አድርጉለት፤ ሙቀቱ ራሱ ይወጥረዋል። ብቻ እንዳይነካው።

ቀለምም ውፍረት አለው። በብሩሽ ተለብጦ 0.1 ሚሊ ሜትር የደረሰ ቀለም በ1/350 ሦስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ያ ቀለም ሳይሆን አስፋልት ነው። የመጀመሪያዋን መርከቤን እንደዚያ ነው የለሰንኳት። ክብ መስኮቶቹ በሙሉ ተደፈኑ። ለዚህ ነው ኤርብረሽ፣ ቀለምን በአየር የሚነፋው መሣሪያ፣ የሚወደደው፤ ቀለሙ በቲነር እንደ ወተት ቀጥኖ፣ በስሱ፣ ደጋግሞ ይነፋል። ኤርብረሽ የሌለው በብሩሽም ይችላል። ግን አንዴ ወፍራም ከመቀባት አራት ጊዜ ስስ መቀባት፣ በየመሀሉም እስኪደርቅ መታገሥ ይጠበቅበታል።

ከዚህ ቀጥሎ ሞዴል ሠሪዎች የሚጨቃጨቁበት ነገር ይመጣል፤ የቀለም ስኬል። 1/350 ሞዴል በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ስታዩ እውነተኛዋን መርከብ በ175 ሜትር ርቀት እንደማየት ነው። በ1/700 ርቀቱ 350 ሜትር ይሆናል። ራቅ ያለ ተራራ እንደሚደበዝዘው ሁሉ የመርከቧም ቀለም መደብዘዝ አለበት፣ ስለዚህ ከጣሳው የወጣው ቀለም ላይ ነጭ ወይም ፈዛዛ ግራጫ ጨምሩ ይላሉ። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ምክንያቱ ግን ለእኔ ብዙም አይዋጥልኝም። ጥርት ባለ ቀን 175 ሜትር አየር ምን ያህል ያደበዝዛል? እኔ የማምነው ብርሃኑን ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ 100,000 ሉክስ ገደማ ትሰጣለች፤ የክፍላችን አምፖል ጥቂት መቶ። በዚያ ብርሃን የተመረጠ ቀለም በዚህ ብርሃን ይጠቁራል። በ1945 ጃፓን እጇን የሰጠችባት ሚዙሪ የታችኛው ጎኗ ጥቁር ሰማያዊ፣ ከዚያ በላይ ፈዛዛ ግራጫ ነበረች። ሰማያዊውን ከጣሳው እንዳለ ቀቡትና መደርደሪያ ላይ አስቀምጡት፤ ያየው ሁሉ «ለምን ጥቁር አደረግሃት?» ይላችኋል። ምን ያህል ይቅለል ለሚለው ቀመር አትፈልጉ። ቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ሦስት ዓይነት ሞክሩና ሞዴሉ በሚቀመጥበት ቦታ እዩት። አንጸባራቂ ቀለም ግን አይሆንም፤ ከላይ ማት ቫርኒሽ ይነፋ።

ዝገትን በተመለከተ ትንሽ ተናዳጅ ነኝ። ሞዴል ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነ የዝገት ጅረት እውነተኛዋ ላይ ሦስት ሜትር ተኩል ነው። ከመልሕቁ ሥር አንድ ሁለት ቢኖር ማን ይቃወማል፤ መርከቧ ሙሉ ለሙሉ እንደ ተጣለ በርሜል ስትሆን ግን ያሳዝናል። ቢስማርክ አገልግሎት የጀመረችው ኦገስት 24 ቀን 1940 ነው፤ የሰመጠችው ሜይ 27 ቀን 1941። ዕድሜዋ ዘጠኝ ወር። መቼ ዛገችና! ከመስመጧ ስድስት ቀን በፊት ኖርዌይ ቆማ እያለች ጎኗ ላይ የነበረውን ጥቁርና ነጭ ሰያፍ መስመር መርከበኞቹ በግራጫ ሸፍነውታል። ስለዚህ ቀለም ከመበጥበጣችሁ በፊት የየትኛውን ቀን ቢስማርክ እንደምትሠሩ ወስኑ። ዝገት የሚያምርባት ለምሳሌ የአትላንቲክ አጃቢዋ ትንሽ የጦር መርከብ ፍላወር ኮርቬት ናት፤ 62 ሜትር የምታህል፣ በማዕበል ስትደበደብ የከረመች።

ባሕር ጨምራችሁ ለመሥራት ካሰባችሁም ያው ቁጥር አይለቃችሁም። የሁለት ሜትር ማዕበል በ1/350 ስድስት ሚሊ ሜትር አይሞላም። ብዙ ሰው ሦስት ሴንቲ ሜትር ያደርገዋል፤ እሱ ከአሥር ሜትር በላይ ነው፣ ሰው ወለሉ ላይ ቆሞ አይታይም። እውነተኛ ውሃ ላይ ማንሳፈፍ ደግሞ ለዓይን አይሆንም። የውሃ ጠብታ ከመርከቧ ጋር አብሮ አያንስም፤ ሞዴሏ አፍንጫ ላይ የሚረጨው ጠብታ ሐብሐብ ያክላል።

እኔ ሞዴል ስጨርስ አንድ ፈተና አለኝ። ስልኬን ገልብጬ የካሜራው ዓይን ወለሉን ሊነካ ሲል፣ 5 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጌ አነሳለሁ። የመርከበኛው ዓይን ያለው እዚያ ነዋ። ከላይ ሲታይ ያማረው ሁሉ ከዚህ ራሱን ያጋልጣል። ቱቦ የመሰለ አጥር፣ ኩሬ የሠራ ሙጫ፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ የራሴ የጣት አሻራ፣ እንደ ታረሰ ማሳ ተንጣሎ።