«የቀባሁትን አትንኩ» የተባለው ለማን ነው?

መጽሐፍ ቅዱስ አስተምራለሁ። የአገር መሪ በተተቸ ቁጥር አንዱ ብድግ ብሎ «የቀባሁትን አትንኩ ተብሏል!» ይላል። ተማሪ ይለዋል፣ ሰባኪ ይለዋል፣ ለጥምቀት ካልሆነ ደጀ ሰላም የማይረግጠው ጎረቤቴም ይለዋል። ምዕራፉን ጥቀስ ሲባል ግን ዝም።

መዝሙር 105 ነው። ከቁጥር 12 ጀምሮ የሚያወራው ስለ አብርሃም፣ ስለ ይስሐቅና ስለ ያዕቆብ ነው፤ ቁጥራቸው ጥቂት፣ ከአገር አገር የሚንከራተቱ መጻተኞች ነበሩ። እግዚአብሔር ማንም እንዲበድላቸው አልፈቀደም፣ ስለ እነርሱም ነገሥታትን ገሠጸ ይላል። «የቀባኋቸውን አትንኩ» የሚለው እንግዲህ ያ ተግሣጽ ነው። ተገሣጩ ንጉሥ፣ የሚጠበቀው መሬት የሌለው ስደተኛ! እኛ ደግሞ ገልብጠን የቤተ መንግሥት አጥር አደረግነው።

አንድ ለቅሶ ቤት ስለ ኑሮ ውድነት ሲያማርሩ የነበሩ ወጣቶችን አንድ ሽማግሌ በዚሁ ጥቅስ ጸጥ አሰኟቸው። መጽሐፉን ከፍቼ «አባባ፣ እስቲ ከ12 ጀምረው ያንብቡልን» አልኳቸው። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «ነገሥታትን ገሠጸ» ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ትንሽ ቆይተው «ታዲያ ዳዊት ሳኦልን ለምን ሳይነካው ቀረ?» አሉኝ።

ደህና ጥያቄ ነው። ዳዊት በዓይንጋዲ ዋሻ ሳኦልን አልገደለውም፤ የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆረጠ። ግን ታሪኩ እዚያ አያልቅም። ከዋሻው ወጥቶ፣ 3000 ወታደር ይዞ ሊገድለው ያሳድደው የነበረውን ንጉሥ ከኋላው ጠራው፤ እጅ ነሣ፣ ከዚያም ነፍሴን ልታጠፋ ታሳድደኛለህ፣ እግዚአብሔር በእኔና በአንተ መካከል ይፍረድ አለው። የታቀበው ከደሙ እንጂ ከመናገር አይደለም።

«ሮሜ 13 ተገዙ ይላል፣ አለቀ» የሚሉም አሉ። አላለቀም። እዚያው ቁጥር 3 እና 4 ላይ ገዥ መልካም ለሚሠራ ሰው የማያስፈራ፣ ለበጎ የቆመ አገልጋይ ነው ይላል፤ መለኪያው ተቀምጧል ማለት ነው። ጳውሎስ ራሱ በፊልጵስዩስ ያለ ፍርድ ተገርፎ ታስሮ፣ ሹማምንቱ በማግስቱ በስውር ሊያስወጡት ሲሉ «ራሳቸው መጥተው ያውጡን» ብሎ እምቢ አለ። መጡም፣ ለመኑትም።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።» ተረት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አትፈልጉት።

«የእኛ ድርሻ መጸለይ ብቻ ነው።» ለመሪ መጸለይ ታዟል፣ ልክ ነው። ዮሐንስ መጥምቅ ግን ሄሮድስን የወንድምህን ሚስት ልታገባ አልተፈቀደልህም አለው፤ ጸሎት የማያውቅ ሰው ስለነበረ ይመስላችኋል?

«መሪን መገሠጽ የፈረንጅ አመል ነው፣ አባቶቻችን አያውቁትም።» ይሄስ ያናድደኛል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዓምደ ጽዮን በጋብቻው የተነሣ ከመነኮሳት ጋር ተጣልቶ ነበር፤ የገሠጹት አቡነ አኖሬዎስ ተገረፉ፣ የደብረ አስቦው አቡነ ፊልጶስ ተሰደዱ። ቅርቡን ካላችሁ ደግሞ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ አሉ። በደርግ ዘመን ከአገር የሚወጡበት መንገድ ቢመቻችላቸውም አልሄድም አሉ፤ ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ፣ አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው ወገን ልዙር፤ «ነቢያትም ተሳድበዋል» እያላችሁ የመሪውን እናትና ዘር ለምታነሡት። ጳውሎስ ሊቀ ካህናቱን ሐናንያን «በኖራ የተለሰንህ ግድግዳ» ካለው በኋላ ማንነቱ ሲነገረው የሕዝብህን አለቃ ክፉ አትናገር የሚለውን ሕግ ጠቅሶ መልሶታል። ነቢዩ ናታንን ተመልከቱ። ለዳዊት ቤትህና መንግሥትህ ይጸናል የሚለውን የምሥራች ያመጣለት እሱ ነው፤ ሰውዬው የዳዊት ወገን ነው። ዳዊት ወታደሩን ኦርዮን ባስገደለ ጊዜ ግን እዚያው ቤተ መንግሥት ገብቶ ማን እንደሞተ፣ በማን ሰይፍ እንደሞተ፣ ሚስቱን ማን እንደወሰደ አንድ በአንድ ነገረው። ስድብ የለበትም። እናንተም ስትጽፉ የተደረገውን ነገር አጣሩና በስሙ ጥሩት። ደግሞ ከናታን መጀመሪያ የምትማሩት የራሳችሁን ሰው መገሠጽ ይሁን፤ የተቃራኒውን መሪ ለመገሠጽማ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።