በቤት ውስጥ ጥቃት ቅጣት ላይ ይግባኝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«የገዛ ሚስቱን ስለሆነ ቅጣቱ ይቀልለታል።» ይህን አባባል ከፍርድ ቤት ደጅ እስከ ጎረቤት ቡና ድረስ እንሰማዋለን፤ ስህተት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃት በአካል ጉዳት ድንጋጌዎች እንደሚያስቀጣ ይናገራል። ከባድ የአካል ጉዳት (አንቀጽ 555) እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። ጋብቻ ቅጣት ማቅለያ ተብሎ የትም አልተጻፈም።

«ቅጣቱ ካነሰ ተበዳይዋ ራሷ ይግባኝ ትላለች።» ብዙ ሴቶች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 185 መሠረት ተከሳሹ በጥፋተኝነቱም በቅጣቱም ላይ ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ቅጣቱ አነሰ ብሎ ይግባኝ የሚለው ግን ዐቃቤ ሕግ ነው። ስለዚህ «እኔ ምን አገባኝ፣ ተፈርዷል» ብላ ቤቷ የተቀመጠች ሴት ጊዜው ያልፍባታል። የይግባኝ ማስታወቂያ ፍርዱ በተሰጠ በ15 ቀን ውስጥ፣ የይግባኙ ማመልከቻ ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። ፍርዱ በተነበበ ማግሥት መዝገቡን የያዘውን ዐቃቤ ሕግ ማነጋገር ያስፈልጋል።

ስትሄድም «ቅጣቱ አነሰ» ብሎ ማልቀስ ብቻውን አይበቃም፤ ሐዘኗ እውነት ቢሆንም ይግባኝ ሰሚው የሚያየው መዝገቡን ነው። የሕክምና ማስረጃው «እብጠትና ሰንበር» ብቻ ይላል? ወይስ አንድ ዓይኗ ማየት እንዳቆመ፣ ጉዳቱ ዘላቂ እንደሆነ ይገልጻል? ቀላል ጉዳትን ከከባድ የሚለየው ይህ ነው። መሣሪያ መያዙ፣ በሌሊት መምጣቱ፣ ጭካኔው በማክበጃነት ተይዞ እንደሆነም ከፍርዱ ላይ መነበብ አለበት።

«ጥፋቱን ያመነ ይግባኝ የለውም።» አለው፤ ግን በቅጣቱ ላይ ብቻ። ማመኑ ራሱ ማቅለያ ሊሆንለት ይችላል።

«ሽማግሌ ካስታረቀ ቅጣቱ ይሰረዛል።» በከባድ ጉዳት ክሱ የመንግሥት ነው፤ እርቅ አያስቆመውም። ተከሳሹ ከልቡ ተጸጽቶ ጉዳቱን መካሱ ግን ከማቅለያ ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ጠበቃውም ይግባኙ ላይ የእርቁን ወረቀት ሊያቀርበው ይችላል። በእኔ እምነት ሽምግልናችን ክፉ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፦ ዘመድ ከብቦ «ለልጆችሽ ስትይ» እያለ ያስፈረማት ወረቀት ጸጸት ሆኖ ይቆጠራል። ተገድዳ የፈረመች ሴት ይህንኑ ለዐቃቤ ሕጉ በግልጽ ትንገረው፤ እሱም ለይግባኙ በሚሰጠው መልስ ላይ ያንሳው።

«እስከ ሰበር ከሄድኩ ዓመቱ ይቀነሳል።» ሰበር ሰሚ ችሎት (የመጨረሻ ፍርድ ያገኙ ጉዳዮችን የሚያየው ችሎት) መሠረታዊ የሕግ ስህተት እንጂ «በዛብኝ» የሚል አቤቱታ አይመረምርም።