ፐርሚሽን ምንድን ነው? ብዙ ሰው አንድ ኮምፒውተር ሲጋራ

ነገሩ የሆነው በ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ፣ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተጠቃሚዎች እንደ ወትሮው ተርሚናላቸው ላይ ቁጭ ብለው ሎግ ኢን አደረጉ። ተርሚናሉ እንደ ታይፕራይተር ወረቀት ላይ የሚጽፍ ነው። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚጽፍላቸው የዕለቱን ማስታወቂያ ነበር። የዚያን ቀን ግን እየጻፈ ያወጣው የተጠቃሚዎቹን ሁሉ ፓስወርድ ነው። የገባ ሰው በሙሉ የሌላውን ሚስጥር እጁ ላይ አገኘው።

ሰብሮ የገባ ሰው የለም። ሲስተሙ ሲቲኤስኤስ ይባላል። አንድን ውድ ኮምፒውተር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ እንዲጠቀምበት ካስቻሉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ለየሰው ፓስወርድ የተሰጠውም እዚያ ነው። አንዱ የሌላውን ፋይል እንዳይነካ ለእያንዳንዱ የራሱ ፎልደር ነበረው። በአንድ ፎልደር ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው።

የሲስተሙ ባለሙያዎች ቁጥር ወደ 12 ሲደርስ ይህ ሕግ አስቸገራቸው። የሲስተሙ ፋይሎች ያሉበት ፎልደር አንድ ነውና ተራ መጠበቅ ሰለቻቸው። የሥራው መሪ ፈርናንዶ ኮርባቶ በኋላ እንደተናገሩት፣ «እንጠነቀቃለን» ብለው ለመኗቸው፣ እሳቸውም ፈቀዱ። ከዚያ አንዱ ማስታወቂያውን፣ ሌላው የፓስወርዱን ፋይል በተመሳሳይ ሰዓት ሲያስተካክሉ ኤዲተሩ (ጽሑፍ ማስተካከያው ፕሮግራም) ለሁለቱም ያው አንድ ስም ያለው ጊዜያዊ ፋይል ከፈተ። ኤዲተሩ መጀመሪያ ሲሠራ ሁለት ሰው አንድ ፎልደር ውስጥ ይገባል ተብሎ አልታሰበም ነበር። ፋይሎቹ ተለዋወጡ።

ይህ ታሪክ ከ50 ዓመት በላይ ቢሆነውም ዛሬም የምናየው ነገር ነው። አደጋውን ያመጣው ኮምፒውተሩን መጋራት አይደለም፤ ያን ያህል ጊዜ በሰላም ተጋርተውታል። አደጋው የመጣው በአንድ ስም ሁለት ሰው ሲገባ ነው።

አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራይ አለ እንበል። የውጭ ሌባን የግቢው በር ያስቆመዋል። ጎረቤት ግን በሩን አልፎ ነው የሚኖረው። እሱን የሚያስቆመው የየክፍሉ ቁልፍ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ይህ የየክፍሉ ቁልፍ ፐርሚሽን ይባላል። የትኛው ተጠቃሚ የትኛውን ፋይል ማየት፣ መቀየር ወይም ማስኬድ እንደሚችል የሚወስን ፈቃድ ነው።

እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ዩኒክስና ሊኑክስ በሚባሉት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች እያንዳንዱ ፋይል ሦስት ዓይነት ሰው ያውቃል፦ ባለቤቱን፣ ለፋይሉ የተመደበውን ግሩፕ (የተጠቃሚዎች ቡድን) እና ሌላውን ሁሉ። ማንበብ 4 ነው፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1። ይደመራሉ። 640 የተባለ ፋይልን ባለቤቱ ያነባል፣ ይጽፋልም (4 ሲደመር 2)፤ ግሩፑ ያነባል ብቻ፤ ሌላው ምንም አያገኝም። 777 ከሆነ ግን ማንም ያነባል፣ ማንም ይቀይራል፣ ማንም ያስኬዳል።

ይቺ 777 ብዙ ጣጣ አምጥታለች። ጀማሪው ዌብሳይት ሲሠራ «ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ የለህም) የሚል መልእክት ይመጣበታል። ይናደዳል። አንድ ሰው «777 አድርገው» ይለዋል፣ ያደርገዋል፣ ይሠራለታል። እሰየው ብሎ ይተወዋል። ርካሽ ሆስቲንግ (ዌብሳይት የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ) ላይ ከሆነ ግን እዚያው ሰርቨር ላይ ሌሎች ብዙ ዌብሳይቶች አሉ። ሆስቲንጉ ተጠቃሚዎቹን በደንብ ካልለያያቸው የአንዱ ጎረቤት ኮድ የዳታቤዙን ፓስወርድ ያነባል፤ ሲፈልግም ገጹን ይቀይረዋል። እባካችሁ፣ ያ መልእክት ሲመጣ መጀመሪያ «ይህን ፋይል የሚፈልገው የትኛው ተጠቃሚ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለእሱ ብቻ ፍቀዱ።

ፐርሚሽን የማይገድበው አንድ ተጠቃሚ አለ። ሩት ይባላል፤ በዊንዶውስ አድሚን የምንለው ዓይነት ነው። ተራ ተጠቃሚ የሩትን ሥልጣን እንዳይዝ ማድረግ የጋራ ሲስተም ትልቁ ራስ ምታት ነው። ምክንያቱም አንዳንድ ፕሮግራም ለተራ ሰው እየሠራም ቢሆን የሩት ሥልጣን ያስፈልገዋል። ፓስወርድ መቀየሪያው አንዱ ነው፤ አንተ ራስህ ልትነካው የማትችለውን ፋይል ስላንተ ሆኖ ይቀይርልሃል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ስህተት ካለበት የመጣው ሁሉ ይጋልበዋል።

በ1986 (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ፣ ሎውረንስ በርክሊ ላብራቶሪ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። የኮምፒውተር ጊዜ በሒሳብ ይከፈልበት ነበር፤ ሒሳቡ 75 ሳንቲም ጎደለ። የአሜሪካ ሳንቲም ማለቴ ነው፤ አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም። ክሊፎርድ ስቶል የተባለው ባለሙያ ይህችን ጉድለት አልናቃትም። ተከታትሎ ተከታትሎ የደረሰው ምዕራብ ጀርመን ተቀምጦ ለሶቭየት የስለላ ድርጅት መረጃ የሚሸጥ ሰው ጋ ነው። ሰውዬው የገባው እንደ ተራ ተጠቃሚ ነበር። ኢሜይል የሚያዘዋውር አንዲት ትንሽ ፕሮግራም በሩት ሥልጣን ተጭና አገኘ። ፕሮግራሟ የተሰጣትን ፋይል የት እንደምታስቀምጥ አትጠይቅም። እሱም የራሱን ፋይል ሲስተሙ በሩት ሥልጣን በየጊዜው በሚያስኬደው ፋይል ቦታ አስቀመጠ። በቃ፣ ሩት ሆነ።

ዛሬ ክላውድ የምንለውም፣ ማለትም የሌላ ድርጅትን ኮምፒውተር በኢንተርኔት ተከራይቶ መጠቀም፣ ግቢው ሰፋ እንጂ ያው ነው። በጥር 2018 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆኑት ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉ የደህንነት ክፍተቶች ደግሞ ክፍተቱ ሶፍትዌሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ራሱ ላይም ሊኖር እንደሚችል አሳይተዋል።

ወደ እኛ ቤት ስመለስ፣ የሚያንገበግበኝ ሩቅ ያለው ሀከር አይደለም። በአንድ ወቅት የምሠራበት ቦታ ሦስት ካሸሮች «ካሸር 1» በሚል አንድ አካውንት ይሠሩ ነበር። ፓስወርዱ ሞኒተሩ ጠርዝ ላይ ተለጥፏል። አንድ ቀን ሒሳብ ጎደለ። መዝገቡ ሲታይ ከቀኑ 9:40 ላይ አንድ ሽያጭ ተሰርዟል። ማን ሰረዘው? «ካሸር 1»። ሦስቱም ማለት ነው። ጥርጣሬው አዲስ በተቀጠረችው ልጅ ላይ ወደቀ፤ ከደሞዟ ተቆረጠ። አልወሰድኩም ብላ አለቀሰች። የራሷ አካውንት ቢኖራት ኖሮ መዝገቡ ይመሰክርላት ነበር። ብዙ ሰው ሎግ (ማን ምን እንደሠራ የሚይዘው መዝገብ) የሌባ መያዣ ብቻ ይመስለዋል፤ ያልሰረቀውንም ነጻ የሚያወጣው እሱ ነው።

ዊንዶውስ ላይ አዲስ አካውንት መክፈት ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሴቲንግስ ውስጥ አካውንትስ የሚለውን ግቡና ለየሰው አንድ አንድ ክፈቱ፤ ስድስት ሰው ካለ ስድስት። ሁሉም ስታንዳርድ (ተራ ተጠቃሚ) ይሁኑ። አድሚኑ ለብቻው ይቀመጥ፣ ፕሮግራም ሲጫን ብቻ ይከፈት። ፎልደር ሼር ስታደርጉ «ኤቭሪዋን» (ሁሉም ሰው) የሚለውን አውጡና የሚመለከተውን ሰው ስም አስገቡ። ከሥራ የለቀቀ ሰው አካውንት ደግሞ በዚያው ቀን ይዘጋ።